የእኔ ያልሆነው ምክር

ውድ ልጄ፣

አጎትሽ ትናንት ከአንቺ ዘንድ ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ "ልጅህ ከስታለች" አለኝ። ቀጥሎም አልጋሽ ራስጌ ላይ ስለለጠፍሽው ወረቀት ነገረኝ። "አባባ የነገረኝ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ መሄድ ሲያስጠላኝ አነበዋለሁ አለችኝ" ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። እውነቱን በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ የሚከዳኝ መሰለኝ።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ያን ስልክ ገዝተሽ፣ ኤአይ የሚሉትን፣ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልሰውን ፕሮግራምም ጭነሽ ሰጠሽኝ። "ያሻህን ጠይቀው፣ አይሰለችም" አልሽኝ። እውነትም አይሰለችም። መጀመሪያ ሩዝ እንዴት እንደሚቀቀል ጠየቅሁት። ቀጥዬ ዛሬ ሹራብ ልልበስ ወይ አልኩት። ከቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን ጋር ስንጋጭም ምን ብዬ ልመልስለት አልኩት። ልጄ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን በአውቶቡስ ስምሪት የጨረስኩ ሰው ነኝ! ሹፌር ሲቀር፣ ተሳፋሪ ሲጮህብኝ፣ "አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ" ብዬ የምገላግል ነበርኩ። በቀደም ከጎረቤታችን ጋር ታርቀን ቤቱ ብገባ፣ ሚስቱ "ጋሼ፣ ሻይዎ ላይ ስኳር ላድርግ?" ስትለኝ ኤአዩን ልጠይቅ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሻዩ ግን አልወርድልህ አለኝ።

ያን ምክር የነገርኩሽ ቀን ስትደውዪ እያለቀስሽ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ስፌት መኪናሽ ላይ እንዳለሽ በባልደረቦችሽ ፊት እንዳዋረደሽ ነገርሽኝ።

"አባባ፣ ልመለስ ወይስ ልቆይ? አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው።"

"ቆዪ፣ በሩ ተንኳኳ። መልሼ ልደውልልሽ" አልኩሽ።

ማንም አላንኳኳም። ዘግቼብሽ፣ ያልሽኝን ሁሉ ለኤአዩ ነገርኩት። ስለ ጽናት፣ ስለ ትዕግሥት፣ የሚያልፍን ነገር ስለ ማሳለፍ የሚያምር ነገር ጻፈልኝ። ወረቀት ላይ ገልብጬ ደወልኩና አነበብኩልሽ።

"አባባ፣ እንዲህ መናገር መቼ ተማርክ?"

"ዕድሜ ነዋ!" አልኩሽ።

ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። አንቺ እያለቀስሽ፣ እኔ ባልተናገርኩት ነገር ተኮፈስኩ።

ኤአዩን አልወቅሰውም፤ የጠየቅሁትን መለሰልኝ። ግን አንቺ የጠየቅሽው እኔን ነበር። እሱን መጠየቅ ብትፈልጊማ አንቺም ስልክ አለሽ።

ይህን ሁሉ ለአጎትሽ ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና፣ "እሺ፣ አንተስ? አንተ ራስህ ምን ትላለህ?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩት።

"ልጅህ እኮ ናት!" ብሎ ጮኸብኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲያ ጮኾብኝ አያውቅም።

ዛሬ ስልኩን ለእሱ ሰጥቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ሐሳቤን ብፈልገው፣ ብፈልገው ድምፁ ጠፋ። ዘግይቶ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፤ ያን ቀን ፈርቼ ነበር። "ነይ" ብልሽ ላንቺ ይሁን ለራሴ መለየት አቃተኝ። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ብቸኝነቴን ምክር አስመስዬ ልጄን ከእንጀራዋ እንዳላፈናቅል ብዬ፣ ብቸኝነትን ከማያውቅ ነገር ጀርባ ተደበቅሁ። የራሴን ፍርሃት እንኳ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

እባክሽ ያንን ወረቀት ቅደጂው።

አሁን ግን ጥያቄሽን ልመልስልሽ። ነይ። በሰው ፊት የሚያዋርድሽ ሰው ዘንድ አትቆዪ። ሥራ እዚህ ቶሎ ላታገኚ ትችያለሽ፤ እናትሽም የለችም፣ እኔም ነጭናጫ ሆኛለሁ። የለም፣ እዚያው ሆኜ እታገላለሁ ካልሽም ንገሪኝ፤ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው እንዲኖርሽ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።

እንደዚያኛው ምክር አያምርም፤ አውቃለሁ። ስህተትም ሊሆን ይችላል። ስህተት ከሆነ ግን የእኔ ስህተት ነው፤ መጥተሽ የምትቆጪው ሰው አለሽ።

ይቅርታሽን የሚጠብቅ
አባትሽ