ኖር የማያውቀው አፕ

ወልቂጤ፣ ነሐሴ አጋማሽ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ እባክሽ ቁጭ በይ። ከተቀመጥሽም ግድግዳውን ደገፍ በይ። የምጽፍልሽ ከባድ ወሬ ነው። ከቤተሰባችን አንድ ወጣት፣ ገና በለጋ ዕድሜው፣ ከንግዱ ዓለም ተለይቷል። አጎታችን ቡታጅራ በርበሬ መጋዘኑ በር ላይ ያዘጋጀለት በርጩማ ባዶውን ቀርቷል። ወጣቱ እኔ ነኝ። ጥቁር እንዳትለብሺ፤ ደግሞም አያምርብሽም።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንዴት ነሽልኝ እታለም? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ተማሪ የሌለበት ክረምት ለአስተማሪ ምን ያደርግለታል፣ የምትቆጪው ሰው አጥተሽ ሳትከሺ አትቀሪም። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽና ከምትሠሪው ክትፎ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አትጠይቂኝ። ለምን አልደወልክም እንዳትይኝ። ስደውል ገና «ሄሎ» ከማለቴ «ደግሞ ምን አጠፋህ?» ትያለሽ። ወረቀት አያቋርጠኝም።

አጎታችን የሰጠኝ ቀጠሮ እስከ መስቀል እንደነበር ታውቂያለሽ። እስከዚያ «ያ የስልክ ሥራህ» እንጀራ ካልሆነህ ጠቅልለህ ትመጣለህ፣ በርበሬ ትመዝናለህ ብሎኝ ነበር። እሱን አልጠላውም፤ የማይሆነኝ በርበሬው ነው። ደንበኛ ሲገባ «ምን ልታዘዝ?» ከማለቴ በፊት ማስነጠሴ ይቀድማል። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮምፒዩተር ወድጄአለሁ። ከአስረኛ ክፍል ለተመለሰ ሰው ይሄ የሀብታም ልጅ እንደመውደድ ነው። ልጅቷ ብትስቅልህም ቤተሰቦቿ በር ላይ ቆመው «ዲግሪህስ?» ይሉሃል።

በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ኮድ መጻፍ ስለማመድ ከረምኩ። እንግሊዝኛው ግማሹ በጆሮዬ ግማሹ በአናቴ ያልፋል። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ሁለትና ሁለት ደምር ብለው ሃያ ሁለት አለኝ። ስጮህበት አከራዬ ወይዘሮ ብርቄ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» እያሉ በር ያንኳኳሉ።

ታዲያ አንድ ቀን እዚሁ ወልቂጤ ያለ ትንሽ ድርጅት የሚኒባስ ወንበር በስልክ ማስያዣ አፕ ሠርቶ፣ ቴሌግራም ላይ «ሞክሩልን» ብሎ ለቀቀው። ሞከርኩላቸው። የወይዘሮ ብርቄን ዶሮዎች ጠቅላላ ወደ አገና አሳፈርኳቸው። አውራውን ከሹፌሩ አጠገብ፣ ገብስማዋን መስኮት ጥግ። አፑም «ክብርት ገብስማ ሆይ፣ መልካም ጉዞ!» ብሎ መለሰ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። የድርጅቱ ባለቤት ነኝ፣ ሄኖክ እባላለሁ፣ ዶሮዎቹን ያሳፈርከው አንተ ነህ ወይ አለኝ። ልክድ አፌን ስከፍት ሳቁን ሰማሁት። ቢሮ ና አለኝ፣ ሄድኩ። ዲግሪ አለህ ወይ ሲለኝ፣ ሲያመኝ ሠላሳ ዘጠኝ ደርሶ ያውቃል አልኩት። «ግድ የለም፣ ሠሪ አለን፤ ያጣነው አበላሺ ነው» አለ። እታለም፣ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ታውቂ ነበር? ሰው የሠራውን ፕሮግራም ደንበኛው እጅ ሳይገባ እየነካኩ፣ እያታለሉ፣ እያስጨነቁ የት ጋ እንደሚሰበር መፈለግ! ሞካሪ ይባላል። እኔ እኮ አንቺ ላይ ስንት ዓመት በነጻ ስለማመደው የኖርኩት ሙያ ነው።

ግን ወዲያው አልቀጠረኝም፤ እስቲ እንይህ ነው ያለው። አፑን የጻፈችው ፍሬሕይወት ናት፣ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች። ጎበዝ ናት፣ ሳይሰለቻት ታስረዳኛለች፣ ግን አትስቅም። ቀልድ ስነግራት «ይሄ ሪፖርት ውስጥ አይገባም» ትለኛለች። ስህተት ስታገኝ ምን እንዳደረግክ፣ ምን እንደጠበቅክና ምን እንደመጣ ጻፍ፤ ሌላ ሰው ሲያደርገውም ያው ካልመጣ ስህተት ሳይሆን ወሬ ነው ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔም ውለታዋን ለመመለስ ማውሷ ሆድ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩላት። ግማሽ ቀን ስትነቅልና ስትሰካ ዋለች። ይህን ስታነቢ ራስሽን እንደምትነቀንቂ አውቃለሁ፤ እሷም እንደዚያው ነው ያደረገችው።

የመጨረሻው ፈተና መናኸሪያ ውስጥ ሆነ። አንድ የአገና ሚኒባስ በአፑ በተመዘገቡ ሰዎች ሞላን። ረዳቱ ሰይዶ ስልክ ይዞ በየወንበሩ እየዞረ ተሳፋሪው የያዘውን ቁጥር ያስገባል። ቁጥርና ወንበር ሁሉ ሲገጥም አረንጓዴ ይበራና መኪናው ይወጣል። ካልገጠመ አይወጣም።

ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀሩት የኋላው ጥግ የደረሳቸው አቶ ሀብተወልድ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ሽበታቸውና ከዘራቸው በሩ ላይ ብቅ ሲል መኪናው በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ብድግ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ጣራው በጭንቅላት ተንኳኳ። «በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ። ማን ሊቀመጥ! የፊተኛው እዚህ ይሁኑ ይላል፤ የመሃሏ የለም እዚያ ፀሐይ አለ፣ እዚህ ይሻልዎታል ትላለች፤ እሳቸው አይሆንም ይላሉ፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»... ሽማግሌው ፊት ተቀመጡ፣ የፊተኛው ወደ መሃል፣ የመሃሏ ወደ ኋላ፣ ሁሉም እንደዚያ ሲሸጋሸግ አንድም ሰው የራሱ ወንበር ላይ አልቀረም።

የሰይዶ ስልክ ጭራዋን እንደተረገጠች ድመት ጮኸ። ቀይ በቀይ! ምስኪን ሰይዶ «አባባ፣ የእርስዎ እኮ ከኋላ ነው» ከማለቱ፣ «አንተ ስድ! ለስልክ ብለህ አባትህን ታስነሳለህ?» የሚል ናዳ ወረደበት። አንዷማ «እስቲ አምጣው፣ እኔ ልንገረው!» ብላ ስልኩን ልትቀማው ነበር።

ፍሬሕይወት ዞር ብላ አየችኝ። ሽማግሌውን ከየት ነው ያመጣሃቸው አለችኝ። እታለም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ነበርኩ! ማን ይመነኝ? ሄኖክም ፊቱ ጠቆረ፤ ሰው መንገድ እየተጠባበቀ ነው፣ ሥራና ጨዋታ ካልለየህ አብረን አንዘልቅም አለኝ። እዚያው መናኸሪያ መሃል የአጎታችን በርበሬ ሸተተኝ።

ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ስለዚህ ቁም ነገር ተናገርኩ፤ አያድርስብሽ። ሌላ ሰው ሲያደርገው ያው ከመጣ ስህተት ነው አላላችሁኝም ወይ፣ እንግዲያው ሌላ መኪና ይሞላ፣ እኔ ከአጥሩ ውጪ እቆማለሁ፣ ማንንም አላናግርም አልኳቸው። ተስማሙ። ሄኖክ ራሱ ስልኩን ይዞ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠና ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ብሎ አስጠነቀቀ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሰው ገባ፣ ሰው ገባ፣ ሁሉም ጎረምሳ! ሽማግሌ ሁሉ የት ሄደ? በመጨረሻ እማማ ሀጀራ የሚባሉ እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ብቅ አሉ። ከሁሉ ቀድሞ «ኖር እማማ!» ብሎ የተነሳው ማን ይመስልሻል? ሄኖክ! ወንበሩን ለቀቀላቸው፣ ዘንቢሉን ተቀበላቸው፣ ከኋላ ጉልበቱን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቁጥሮቹን ማስገባት ሲጀምር ስልኩ እጁ ላይ ጮኸበት። ለራሱ ነው የጮኸበት። ፍሬሕይወት ሳቀች እልሻለሁ። ጥርስ እንዳላት ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

አሁን አፑ የተሳፈረውን ሰው ብቻ ይቆጥራል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይጨርስ ተባለ። ሪፖርቱን ጻፍኩ፣ ፍሬሕይወት ፊደሉን አረመችልኝ፣ ከሰኞ ጀምሮ ተቀጥሬአለሁ። ኮድ መማሬን አልተውኩም፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆን ጀምሯል። ለአጎታችን አንቺ ንገሪልኝ፣ ካንቺ አፍ ሲወጣ ይጣፍጠዋል።

ሌላ ደግሞ፣ እንዳልረሳው። ከተቀጠርኩ ወዲህ ሻይ ስንጠጣ ሄኖክ የማን ቤተሰብ ነህ አለኝ። እህቴ ቡታጅራ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ መዘምራን ውስጥም ታገለግላለች አልኩና ስምሽን ነገርኩት። ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አልጨመረበትም እኮ! አማሰለ፣ አማሰለ፣ ከዚያ ስትስቅ አሁንም አፏን በእጇ ትሸፍናለች ወይ አለኝ። ከየት ታውቃታለህ አላልኩም፣ ጨዋነቴን ታውቂዋለሽ፤ ብስኩቴን በላሁ። ብቻ አንቺን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ በተመለሰ ቁጥር አባባ «ይቺ ልጅ ማንን ነው የምትጠብቀው?» ሲል ትዝ አለኝ።

በነጋታው አፑ በቡታጅራ መስመር ላይም በአስቸኳይ መሞከር እንዳለበት ታወቀ። ያወቀው ሄኖክ ነው። ፍሬሕይወት የቡታጅራው ለጥቅምት አልነበር ወይ ብትለው፣ ሥራ አይከማችም አላት። ቅዳሜ ይመጣል፣ እሁድንም እዚያው ይውላል። እኔ ከአምልኮ በኋላ ቤት እንደምትሆኚ ብቻ ነው የነገርኩት። ስለ ሰማያዊው ቀሚስሽ ምንም አላልኩም፤ አንቺም ምንም ሳትይ ልበሺው።

እንግዲህ ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የዘራሽውን ያብቅልልሽ፣ ደጅሽን በመልካም እንግዳ ይሙላው። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ከባድ ወሬ ብዬ ያስቀመጥኩሽ ለዚህ ነው፤ ስጽፈው ግን ያን ያህልም አልሆነ። አንድ ልጅ ሥራ ያዘ፣ አንድ ሰው ለሥራ ጉዳይ ቡታጅራ ብቅ ይላል። ትንሽ ነገር ነው፤ መነሳትም ትችያለሽ።

የሚወድሽና የሚያናድድሽ
ታናሽ ወንድምሽ