ከቅስቱ ስር የተዘረጋው አልጋ

ነሐሴ 4

ዝናብ። ዋናው በር ፊት ለፊት ውሃ ተኝቷል። ኩሊዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ሻንጣ በራሳቸው ተሸክመው ከእንጨት ድጋፎቹ መሃል እየተሽሎኮለኩ ያልፋሉ። አንዱ፣ እንደ ታላቅ እህቱ እየጠራኝ፦ «አፓ፣ ይህን ጫካ መቼ ነው የሚያነሱልን?»

«ኖራው ሲደርቅ።»

«እኛስ መቼ ልንደርቅ ነው?»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሻይ ጠጣሁ። ተራ ቀን።

እንግሊዞች እዚህ ላክናው ናሲምባግ ጣቢያን ሲሠሩ የድሮ ገዦቻችንን የአትክልት ቦታ አፈረሱ። አፍርሰው ሲያበቁ ጣቢያውን የእነዚያኑ ገዦች ቤተ መንግሥት አስመሰሉት። ጉልላት፣ ቀጫጭን ማማ... ጡቡ ሳይቀር ከፈረሰው አጥር የተለቀመ ነው፣ እንደ ብስኩት ስስ። ከዋናው በር ቅስት ስር ሲቆሙ ደግሞ የባቡር ድምፅ አይሰማም። ባቡሩ ከጀርባ ነው፣ ግን አይሰማም። በመሃል ያሉት ግቢዎች ይውጡታል ይላሉ። መሐንዲስ ነኝ፣ እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ብልህ መጥቶ ቅስቱን በሲሚንቶ ለሰነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው አፈነው። ውሃ ውስጥ ታሰረ፣ ቅስቱ ተሰነጠቀ። ሲሚንቶውን ልጠን፣ አናቱን አፍርሰን፣ እንደ ጥንቱ በኖራ ገንብተነዋል። ኖራው ከውስጥ እስኪደርቅ ቅስቱን የያዙት የእንጨት ድጋፎቹ ናቸው። የቀረው መጠበቅ ነው።

ነሐሴ 9

ተጠራሁ። ኒጋም ሳሂብ፣ የጣቢያው ዋና ኃላፊ። ራስቶጊ ሳሂብ፣ ተቋራጩ። የጣቢያው የመቶ ዓመት በዓል ነሐሴ 22 ሆኗል። ከዴልሂ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ በዋናው በር ይገባል። በድጋፍ መሃል አይሽሎኮለክም መቼም።

«ኖራው አልደረሰም» አልኩ።

«ቢልኪስ ሳሂባ፣ እኔ ነክቼዋለሁ እኮ» አለ ራስቶጊ። «ድንጋይ ነው!»

«የነኩት ከላይ ነው።»

«ታዲያ ከውስጥ በምን ልንካው? እርስዎ ደግሞ!»

ኒጋም ሳሂብ እንደ ወትሮው ለስላሳ። «የእርስዎን ቃል እንጠብቃለን። ብቻ... ቃሉ እሺ ይሁን።»

ስወጣ ከቅስቱ ስር አላለፍኩም። በጎን ዞርኩ። ለምን?

ነሐሴ 10

መሰላል ላይ ወጥቼ በመሰርሰሪያ በሳሁ። የመፈተሻውን ፈሳሽ ጠብታ አደረግሁበት። ኖራው ከደረሰ ቀለም አያወጣም። ካልደረሰ ሮዝ ይሆናል። ላዩ ላይ ምንም የለም። ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ ሮዝ። ከዚያም በኋላ ሮዝ ብቻ። እንደ ሕፃን ድድ።

ጉልፋም አጠገቤ ቆሞ አየ። አለቃ ግንበኛው እሱ ነው። የመጨረሻውን ጡብ በእጁ ያስገባውም እሱ።

«አፓ፣ ኖራውን ያቦካሁት እኔ። እንዲጣበቅ ምስር ቀቅዬ የጨመርኩበት እኔ። ይይዛል።»

«ካልያዘስ?»

«ካልያዘማ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ከንፈሬን ከፈት ሳደርግ ትዝ አለኝ። የእነሱ ቤት ልማድ። ድጋፍ በሚነሳበት ቀን የመጨረሻውን ጡብ ያስገባው ሰው የገመድ አልጋውን ከቅስቱ ስር ዘርግቶ ይቀመጣል። ድጋፎቹን የወጠረው ሽብልቅ ተመትቶ ሲወጣ እዚያው ነው። ሳይወድቅ ሲቀር ሹማምንቱ ገብተው እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል። አባቱ እንዲህ አደረገ። አያቱም።

እኔ እሺ ካልኩ ጉልፋም እዚያ ይቀመጣል።

ነሐሴ 13

ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ጡብ ሲወድቅ ምን ዓይነት ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚሰማው?

ነሐሴ 16

ባሌ ታሂር ሩዙን ቀምሶ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ቢቢ፣ ይህ እራት ነው ወይስ ባሕር? ጨዉን ስንት ጊዜ ጨመሩት?»

ነገርኩት። አስተማሪ ነበር፣ ሁሉን ነገር ቀላል ያደርገዋል።

«እምቢ ይበሏቸዋ።»

«እምቢ ካልኩ በማግስቱ ሌላ መሐንዲስ ያመጣሉ። እሱ እሺ ይላል። ጉልፋምም ይቀመጣል።»

«እንግዲያው ጉልፋምን አይቀመጡ ይበሉት።»

«ልማዱንስ ምን ላድርገው?»

ታሂር ሳህኑን መልሶ ሳበ፣ ያን ጨዋማ ሩዝ መብላት ጀመረ።

ነሐሴ 18

ጉልፋምን ለመንኩት። ከእንጨቶቹ ስር ተቀምጦ የሚያኝከውን የፓን ቅጠል እየጠቀለለ ነበር።

«የዚያን ቀን አይቀመጡ። ስለ እኔ ብለው።»

«ማን ይቀመጥ ታዲያ፣ አፓ? ራስቶጊ ሳሂብ?» ራሱ በቀልዱ ተንፈቀፈቀ። «እሳቸው ከተቀመጡ አልጋው ነው ቀድሞ የሚሰበረው!»

ግን ቅጠሉ ከጣቱ አመለጠው። አነሳው። እንደገና አመለጠው። ያየሁ አልመሰልኩም።

እሱም ያውቃል ማለት ነው? ወይስ እንደኔ ይፈራል ብቻ?

ነሐሴ 20

ኒጋም ሳሂብ ፊት ቆሜ እምቢ አልኩ። ውስጡ ሮዝ ነው አልኩ።

«ሮዝ ቆንጆ ቀለም ነው» አለ ራስቶጊ።

ኒጋም ሳሂብ አዘነልኝ። ከልቡ ያዘነ ይመስላል። ነገ ጠዋት ሽብልቆቹ ይመታሉ፣ የሚያዝ ሌላ መሐንዲስ ተገኝቷል፣ እኔ ከፈለግሁ ቤቴ ልረፍ አለኝ።

ማረፍ...

ነሐሴ 21

ሄድኩ።

ጉልፋም ነጭ ለብሷል። አልጋውን ዘርግቶ መሃሉ ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱን አቅፎ። መዶሻ የያዙት ሰዎች ድጋፎቹ ጋ ቆመዋል። ኒጋም ሳሂብና ራስቶጊ ሳሂብ ከቅስቱ ፊት፣ አዲሱ መሐንዲስ ከሩቅ። ዝናቡ ያካፋል። ኩሊዎቹ ከየአቅጣጫው ተሰብስበዋል። ከቅስቱ ስር ዝምታ። አንድም ባቡር አይሰማም።

ወደ ሁለቱ ዞርኩ፦ «ሳሂቦች፣ ልማዱ ከተያዘ አይቀር ሙሉ ይሁን። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ለምን ትጠብቃላችሁ? ደርቋል ያላችሁ ሁሉ አሁኑኑ ከጉልፋም ጋር ተቀመጡ። አልጋው ሰፊ ነው።»

ጉልፋም ፈጠን ብሎ ወደ ጥግ ተጠጋ። ለእንግዳ ቦታ መልቀቅ ደሙ ውስጥ ነው።

ራስቶጊ እጁን ዘረጋ፣ ጎንበስ አለ። «ኒጋም ሳሂብ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ እንዴት ሆኖ! እርስዎ እያሉ? ሥራው የእርስዎ ነው።»

«በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«በድካም ይበልጡኛል። ይቅደሙ፣ እባክዎ።»

«በሞቴ፣ እርስዎ።»

እኛ የላክናው ሰዎች በየበሩ እንዲህ ነን። እርስዎ ይቅደሙ ስንባባል ባቡር ያመለጠን ሞልተናል። በመጨረሻ ግን አንዱ ይገባል። ዛሬ ማንም እግሩን አላነሳም። ይቅደሙ፣ ይቅደሙ... ግንባራቸው ወዛ። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ትንሽ ወደ ኋላ ይላሉ።

ከኩሊዎቹ መሃል አንዱ ጮኸ፦ «ሳሂቦች፣ ባቡሩ ሄደ እኮ!»

ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። አዲሱ መሐንዲስ የለም፣ መቼ እንደሄደ ያየ የለም። ኒጋም ሳሂብ ፊቱ ቀላ። መሐረቡን አውጥቶ፣ ሳያየኝ፦ «ድጋፎቹ ባሉበት ይቆዩ። ጨርቅ አልብሷቸው።»

ከዚያ በኋላ የኩሊዎቹ ጋሪ ላይ ተቀመጥኩ።

ነሐሴ 22

እንግዳው በዕቃ መጫኛው በር ገባ። አበባ፣ ንግግር፣ ጭብጨባ። ከሰዓት በኋላ ተነገረኝ፦ ሥራዬ አብቅቷል።

ጉልፋምን ልሰናበት ሄድኩ። ቀና ብሎ አላየኝም። «ሥራዬን በሕዝብ ፊት አቃለሉብኝ» አለ።

እውነቱን ነው። በሕይወት አለ፣ እውነቱንም ነው።

ጥቅምት 8

ዝናቡ ቆሟል። ከጣቢያው የሚደውል የለም። ታሂር ጋዜጣ ገልጦ ዜና ያነብልኛል፤ ስለ ፈረሰ ሕንፃ የተጻፈ ሲያገኝ ይዘለዋል። ስለሚዘለው አውቃለሁ።

ኅዳር 14

ትናንት ጉልፋም ደወለ። ሰላምታ የለም። «ነገ ነው።»

«ደርሷል?»

«የጠብታዎን ጠርሙስ ጥለው ሄደው ነበር። ሦስት ቦታ በሳሁ። ሮዝ የለም። ጠብታው ልብሴን ብቻ ነው ያበላሸብኝ።»

ዛሬ ሄድኩ። ኒጋም ሳሂብ የለም፣ ራስቶጊ የለም። መዶሻ የያዙት ሰዎች፣ አልጋው፣ ጉልፋም። እሱ የተቀመጠው ከአልጋው ጥግ ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው።

«ይቅደሙ፣ አፓ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ ተቀምጫለሁ እኮ!»

ገባሁ። ተቀመጥኩ። ሮዝ እንደሌለ አውቃለሁ፣ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ቢሆንም የአልጋውን ገመድ ጨብጫለሁ። ጎኔን ሳይ የእሱም ጣት ገመዱ ላይ ነጥቷል።

የመጀመሪያው ሽብልቅ ተመታ። ሁለተኛው። እንጨቱ አቃሰተ፣ ከቅስቱ ተላቀቀ። ትከሻዬ ላይ አሸዋ ፈሰሰ...

ቀጥሎ ዝምታ። የዚያ ቦታ ዝምታ።

«ሻይ?» አለ ጉልፋም።

መጣልን። ጠጣን። ቀና ብዬ ቅስቱን ያየሁት ብርጭቆዬ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።