ቀይ ነጥብ ያለባቸው እንቁላሎች

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ዝናብ። ልብስ አልደርቅ አለ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሥራ ስፈታ ለራሴም አልመች።

ጓሮ ባለው ግራር ላይ ቢጫዎቹ ወፎች ዘንድሮም ጎጆ ሰቅለዋል። ጩኸታቸው ጆሮ ይበጥሳል። ዛሬ ግን ጩኸቱ ሌላ ነበር። አንዲት ጀርባዋ አረንጓዴ፣ የምታብረቀርቅ ወፍ መጥታ ጫፍ ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሁሉም ተነሱባት። አሳደው አባረሯት። ምን አድርጋቸው ነው?

ምሳ ላይ ብነግረው ፋንታሁን “ወፍ ስትጠብቂ ዋልሽ?” ብሎ ሳቀ። ባሌ ሳቅ ይወዳል። ዛሬ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። የሚነግረኝ ነገር አለው። ምነው አይናገርም?

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ተናገረ። የአይከሏ ሴትዮ ሞታለች። እኔን ሳያገባ በፊት፣ አይከል ጸሐፊ ሳለ የወለደችለት ልጅ አለች… ትርንጎ። ስምንት ዓመቷ። ደብቆኝ አይደለም፤ ስንታጭ ነግሮኛል። እኔ ነኝ እንደሌለች የቆጠርኳት።

“ወዴት ልጣላት?” አለ። እውነቱን ነው። ግን የለመነኝ ማሳደግ ብቻ አይደለም። በሽማግሌ ፊት ጡቴን ማር ቀብቼ እንዳስይዛት፣ የጡት ልጄ እንድትሆን፣ ትክል ድንጋይ በሚባለው አገራችን ያለውን የአባቴን ርስትም እንድትወርስ ነው። “እኛ ስንሞት ማን አላት?” ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ አልወለድኩም… ይኼን ማስታወሱ ነው?

አስብበታለሁ አልኩት። ሆዴ ግን እምቢ ብሏል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12

አረንጓዴዋን ደረስኩባት። ሌባ ናት። ባለቤቲቱ እስክትወጣ ጠብቃ ትገባለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። አሳድጉልኝ ነው ነገሩ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቲቱ ገባች፤ የአረንጓዴዋን እንቁላል በአፏ ይዛ ወጣች፤ ወረወረችው። ሳታመነታ። ቀናሁባት።

በርጩማ ላይ ቆሜ ዝቅ ያሉትን ጎጆዎች እንቁላሉን በጣቴ እያወጣሁ ፈተሽኩ። የአንዷ እንቁላል ሰማያዊ፣ የጎረቤቷ ነጭ፣ የሌላዋ ዝንጉርጉር። እያንዳንዷ የራሷን እንቁላል መልክ ታውቃለች። ለካ በዚህ ነው የምትለየው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ወንድሜ አያ ዳኛው ከትክል ድንጋይ መጣ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

“ልጅቷን አብያት፣ አልብሻት። ጽድቅ ነው። ጡት ግን እንዳታስይዣት።”

“ምነው?”

“የኔ ልጆችስ? የአባታችንን መሬት ለማናውቀው ሰው ልትሰጪ?”

መላም ይዞ መጥቷል። ስትመጣ ሽማግሌ ይጠራና “ይህች ልጅ ባዕድ ናት፣ ርስት አትጠይቅም” ተብሎ በፊቷ ይነገር። ከመጀመሪያው ምልክት ይደረግባት፤ ኋላ ማንም እንዳይሳሳት። ሸጋ ሐሳብ መሰለኝ። ባሌም አይቀየም፣ ወንድሜም አይቀየም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 18

ዝቅ ባለው ጎጆ ሁለት ሰማያዊ እንቁላል አለ። አረንጓዴዋ ከዚያ አልጠፋ ብላለች። ነገ ሦስተኛ ቢጨመር ባዕዱን እንዳውቀው ብዬ ሁለቱን በቀይ ቀለም ነጥብ አደረግሁባቸው። የፈተና ወረቀት የማርምበት ቀለም። ምን ላድርግ፣ አስተማሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19

ሁለቱም መሬት ላይ ተሰብረዋል። ቀዩ ነጥብ ከቅርፊቱ አልለቀቀም።

አረንጓዴዋ አይደለችም። ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ባለቤቲቱ ናት። አንድ በአንድ አውጥታ ጣለቻቸው። የራሷን! ምልክት ስላደረግሁባቸው ባዕድ መሰሏት።

ለወፍ እንቁላል ነው የማለቅሰው?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

ለአያ ዳኛው መልእክት ላክሁለት። በልጅቷ ላይ ምንም ምልክት አላደርግም። ጡት አስይዛት እንደሆነ ገና አላውቅም። ባዕድ ናት ተብሎ ግን በእኔ ቤት አይነገርም።

እሑድ፣ መስከረም 3

ትርንጎ መጣች። ያመጣቻት የእናቷ እህት አየለች ናት። ቀጭን፤ ዓይኗ የፋንታሁን ቁርጥ። አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ምሳ ሰጠኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላች።

ግራሩ ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ከራሷ የሚተልቅ ጫጩት ታበላለች። የአረንጓዴዋ ነው። የራሷ ጫጩቶች የሉም፤ ገፍትሮ ጥሏቸው ይሆናል። እንቁላል ላይ ያን ያህል ጠንቃቃ፣ ጫጩት አፉን ሲከፍት ግን አታውቅም። አያ ዳኛው ቢያይ “አላልኩሽም?” ይለኝ ነበር። ሰው ወፍ አይደለም፣ ትርንጎም ወፍ አይደለችም… ይኼን ለራሴ ስነግር ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 19

ትምህርት ተከፈተ። ትርንጎን ይዣት ሄድኩ። የቀሐን ወንዝ ስንሻገር እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችም። ብቻዋን ድንጋይ ለድንጋይ ዘላ ተሻገረች። ክፍል ውስጥ ግን ፊደሉን ከሁሉም ጮክ ብላ ትላለች።

ወሰንኩ፤ ጡት አስይዛታለሁ። እሑድ ሽማግሌ ይጠራ።

እሑድ፣ መስከረም 24

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ዮሐንስ መጡ፣ ሁለት ሽማግሎችም። አያ ዳኛው በር ላይ ተኮፍሶ ተቀመጠ። በነጠላ ተሸፍኜ ማሩን ቀባሁ። ትርንጎን አቀረቧት።

አፏን ግጥም አደረገች።

“ነይ እንጂ ልጄ” አሏት አባ።

“እናት አለኝ።”

“እናትሽማ አርፋለች።”

“ብትሞትም።”

አያ ዳኛው ተነሣ። “በቃ፣ ራሷ አልፈለገችሽም” ብሎኝ ወጣ።

አፈርኩ። ተናደድኩ። ስንት ጊዜ ልቀበላት፣ አልቀበላት ስል ከረምኩ፤ እሷስ ትቀበለኛለች ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ፋንታሁን ሊቆጣት ሲል “ተዋት” አልኩት። አባም “በግድ አይሆንም፣ ትቆይ” ብለው ባርከው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

በር በተንኳኳ ቁጥር ከአይከል ሊወስዷት የመጡ ይመስለኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 15

መጡ። አየለች ናት። እምቢ ማለቷን ሰምታለች።

“ካልተስማማችሁ ልውሰዳት። አይከል ቤት አላት” አለችኝ፤ በደግነት ነው። ፋንታሁን አየኝ። አይሆንም ልል ነበር። በምን መብቴ? ጡቴን አልያዘች። በአርባ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በስሜ አልጠራችኝ። በሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

ትርንጎ ደጅ ልብሷን ታጥባለች። አየለች ጠራቻት። “በይ ልብስሽን ሰብስቢ፣ እንሂድ።”

“አልደረቀም።”

“እርጥቡን እንይዘዋለን።”

“ነገ ትምህርት ቤት እንሄዳለን” አለች ትርንጎ።

“ከማን ጋራ?”

እጇ አረፋ ነበር። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች፤ “ከእሷ ጋራ” ብላ ማጠቧን ቀጠለች።

አየለች ምሳ በልታ ብቻዋን ተመለሰች። እርጥቡን ልብስ አብሬያት አሰጣሁ። ደስ ብሎኛል።