መንደር ለመንደር የለቀምሻቸው ስሞች

ለእህቴ ልጅ፣ ለዘሀራ፤

ደብዳቤ የሚጀመረው በጤና ጥያቄ ነው። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ልል ብዕር ባነሳ እጄ ቆመብኝ። እንግዲያው የኔን ልንገርሽ። አጎትሽ ይመር ደህና ነኝ፤ ጥርሴ ብቻ አንድ አንድ እያለ ጥሎኝ እየሄደ ነው። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ወባዋ በአምስት ቀን ወሰደችሽ፤ እኔ ግን ከሰፈራችን ከኒውላንድ ወደ ገበያ ስወርድ ዛሬም ከኋላዬ «አጎቴ፣ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል» የምትይኝ ይመስለኛል።

እናትሽ አለች። ትሰግዳለች፣ ትንሽ ትቀምሳለች፣ ብዙ አታወራም። ኮምፒዩተርሽ ግን የለም። የገደልኩት እኔ ነኝ። ከሰው ከመስማትሽ በፊት እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ተጭነን እዚህ ጋምቤላ፣ አቦቦ በሰፈርን በመጀመሪያው ዓመት የሞቱብንን ሰዎች ስም አንቺ ብቻ ነበርሽ የሰበሰብሽው። በየመንደሩ እየዞርሽ፣ ሽማግሌና አሮጊት እያነጋገርሽ፣ ማን የት እንደተቀበረ ጭምር ኮምፒዩተርሽ ላይ ጻፍሽ። አንድ ቀን ሰደቃ ተደርጎ ስማቸው በሙሉ ተነቦ ዱዓ ይደረግላቸዋል ስትይ ነበር።

የኮምፒዩተሩን ዲስክ የቆለፍሽውም በኔ ጥፋት ነው። ለሰው እየተየብሽ ስትኖሪ፣ አንድ መምህር ያስተየበሽን የፈቃድ ማመልከቻ ከፍቼ «ጫት ስለ ናፈቀኝ» የምትል ምክንያት ጨመርኩበት። ፈርሞ ሊያስገባ ሲል ደረስሽበት። ሦስት ቀን አኮረፍሽኝና ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያመሰጥር ፕሮግራም ከአዲስ አበባ አስመጥተሽ ጫንሽ። የይለፍ ቃል ካልሰጡት ማሽኑ እንኳ አይነሳም። ቤቱን ከሌባ የሚቆልፍ አውቃለሁ፣ ከአጎት የሚቆልፍ ያየሁት አንቺን ነው።

ሆስፒታል ተኝተሽ ቃሉን በካርድሽ ጀርባ ጻፍሽልኝ። «ስሞቹን አደራ» አልሽኝ። ካርዱን ከመታወቂያዬ ጋር በደረት ኪሴ ያዝኩት።

ዓመትሽ ሲቃረብ ሰደቃውን ለማድረስ ተነሳሁ። ቃሉን ስሰጠው ማሽኑ ሳያንገራግር ተነሳ፤ ስሞቹም በየመንደራቸው ተደርድረው ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ቁልፉ ጨርሶ ይውጣ፣ እኔ ባልኖር እንኳ ማንም ይክፈተው አልኩ። አብሮሽ ይተይብ የነበረው ኦሞድ መጥቶ ነበር። «አጎት ይመር፣ መጀመሪያ ፍሎፒ ላይ ገልብጥ። ቁልፍ ማውጣት በኋላ ነው» አለኝ። በአኙዋክኛ ዜማ የሚናገራት አማርኛው እኮ ትጣፍጠኛለች፤ ምክሩን ግን አልሰማሁም። እኔ ሳልማር ሬዲዮ የምጠግን ሰው ነኝ። ፈትቼ ስገጥም ሁልጊዜ ብሎን ይተርፈኛል፣ ሬዲዮው ግን ይዘፍናል። ኮምፒዩተርም እንደዚያው መሰለኝ።

የጋምቤላን መብራት ታውቂዋለሽ። ጄኔሬተሩ ጠዋት ይነሳል፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ይተኛል፣ ማታ እንደገና ይነሳል። ያን ቀን ግን ከላይ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ እንግዳ ካለ መብራት ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃልና ይህን አስልቼ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑን «ቁልፉ ይውጣ» አልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ዝናብ ሲያጉረመርም እንግዶቹ የአውሮፕላን ሜዳው ሳይጨቀይ እንሂድ ብለው ስብሰባቸውን ትተው በረሩ። ስድስት ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም አለ። ማሽኑ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር።

ማታ መብራት ሲመጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጣ። ኦሞድ አነበበልኝ፤ ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም ይላል። ቃልሽን ሰጠሁት፣ አልተቀበለኝም። በእጅ ጽሑፍሽ «ለክፉ ቀን» ያልሽውን ማዳኛ ፍሎፒ ከተትኩ። እሱም አላወቀውም። ፍሎፒው የተሠራው ሙሉ በሙሉ ለተቆለፈ ዲስክ ነው፤ እኔ ደግሞ ግማሹን ከፍቼዋለሁ። ኦሞድ አልሰደበኝም። «ማሽን ቀልድ አያውቅም፣ አጎት» ብቻ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲስኩን ነቅዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ ይዤው አዲስ አበባ ወጣሁ። አንድ ጠጋኝ ወጣት ሳምንት ታገለው። ከተከፈተው ግማሽ የሰው ማመልከቻዎች አወጣልኝ። «ጫት ስለ ናፈቀኝ» የምትለዋ ሳትቀር ወጣች። ከስሞቹ ግን አንድም የለም። ወጣቱ ሲያነባት ሳቀ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሰደቃው ቀኑ ተቆርጦ ነበርና ሰው ከየመንደሩ መጣ። የሚነበብ ነገር አልነበረኝም፤ ያጠፋሁትን ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣም። ከመንደር ሰባት የመጡት እማማ ሀዋ ግን ብድግ አሉ። «ይመር ልጄ፣ ለእህትህ ልጅ ነግሬያት እፎይ ብዬ ነበር እኮ። ከዚያ ወዲህ የትንሹን ልጄን ስም አልያዝኩትም፤ ስሙ እሷ ዘንድ አለ ብዬ ለቀቅኩት» አሉና ተቀመጡ።

አሁን በብስክሌት ወደ አቦቦ እመላለሳለሁ። የምጽፈው በሁለት ደብተር ነው፤ አንዱን ኦሞድ ይይዘዋል። ካነጋገርሻቸው ሽማግሌዎች ከፊሎቹ ተከትለውሻል፤ እነሱ ብቻ ያውቋቸው የነበሩት ሟቾች ሁለተኛ ሞቱ። የእማማ ሀዋን ትንሽ ልጅ ስም እስካሁን አላገኘሁትም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ስሞቹን ስትለቅሚ እኔንም ጠይቀሽኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ማን እንደሞተብኝ። «አህያዬ» ብዬ አሳቅኩሽ። ደግመሽ ስትጠይቂኝም አህያዬን ደገምኩልሽ። አህያ አልነበረኝም ዘሀራ። ደብተሩን ስጀምር በመጀመሪያው መስመር ይህን ጻፍኩ፦ ከድጃ ይመር፣ የአራት ወር ልጅ፣ ከመንደር ሰባት በላይ፣ ከጉድጓዱ ውኃ በስተግራ። አባቷ ነኝ፤ መቃብሯን የቆፈርኩትም እኔ ነኝ። በሁለተኛው መስመር አንቺን አደረግሁ።

በየደጃፉ ስደርስ ሰው ስሙን እንዲሰጠኝ ከመጠየቄ በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች ጮክ ብዬ አነባለሁ። እግሬ ፔዳል እስከረገጠ ድረስ አነባቸዋለሁ።

አጎትሽ ይመር