ቀድሞ ማንበብ ክልክል ነው

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

በረዶ። ብሪጅት በሰዓቱ መጣች። የልጅ ልጄ ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኩላሊት እጥበት የምታደርሰኝ። መኪና ውስጥ አየት አደረገችኝና፣ "አባባ፣ ፊትህን ታጥበሃል?" አለች።

"ዛሬ የኩላሊቴ ተራ ነው። ፊቴ ይጠብቅ።"

ሦስታችን እንደ ሁልጊዜው ጎን ለጎን። እኔ፣ ቨርኔል፣ ስታንኮ። ቨርኔል ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ አሁንም ስትናገር ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው እንዲሰማት አድርጋ ነው። ስታንኮ ሥጋ ቆራጭ ነበር። አራቱን ሰዓት ሙሉ የተኛ ይመስላል፤ ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም።

አንባቢው እኔ። አንዱ ክንዴ መርፌ አለበት፤ በሌላው ነው የምገልጠው። መጽሐፉን በልብስ መቆንጠጫ ካልያዝኩት ይዘጋብኛል። ከጁን ጀምሮ በዚህ ዓይነት ከአንድ ተከታታይ ልብ ወለድ አሥራ አንድ መጽሐፍ ዘለቅን። እስካሁን የወጣው አሥራ ሰባት ነው፤ ደራሲው ደግሞ ገና ይጽፋል።

ዛሬ አሥራ አንደኛውን ጨረስን። ጀግናው ሎይድ ፔትራክ ነው፣ የፒትስበርግ ከተማ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ፣ ለጭራቅም ለመንፈስም እኩል ቅጣት የሚጽፍ። ትከሻው ላይ ኒብስ፣ ድመት የሚያህል፣ ሳንቲም የሚበላ ጭራቅ። አንድ ክንፋም ዘንዶ ከተማዋን ሊያቃጥል መጥቶ መንገዱ ላይ ማረፍ አቃተው። አንዲት አሮጊት በረዶውን ጠርጋ፣ ቦታዋን ሌላ መኪና እንዳይዝባት የወጥ ቤት ወንበር አቁማበታለች። በዚህ ከተማ የሰው ወንበር አይነሳም። ዘንዶውም የሰፈር ልጅ ነው፣ ያውቃል። ሦስቴ ዞረ፣ ተሳደበ፣ ሄደ።

ቨርኔል ሳቀች። ክንዷ ተነቃነቀ፤ ማሽኗ ጮኸ። የእኔም ጮኸ። ቀጥሎ የስታንኮ... የተኛው ሰውዬ።

ባለሙያዋ ዮላንዳ እየሮጠች መጣች። "አቶ ኤሚል፣ ሌላ መጽሐፍ የለዎትም? አሳዛኝ ነገር። የሚያስተኛ።"

"የጋብቻ ውሌ አለ።"

ማሽኖቹ እንደገና ጮኹ።

በኋላ ቨርኔልን ጠየቅኳት፦ "ቆይ፣ ይሄን ነገር ምኑን ነው እንዲህ የወደድሽው?"

"ጉልበቱን" አለች።

ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የሎይድን ጉልበት አንድ የድልድይ ጭራቅ ረግጦት ነበር። "ስምንት መጽሐፍ አለፈ፤ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል። የሌላው መጽሐፍ ጀግና ማታ ተወግቶ ጧት ይድናል። ይሄኛው የተመታውን ይዞት ይዞራል። ይዞትም ይቀልዳል።"

 

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

እጥበት። ቨርኔል ዝምተኛ። አሥራ ሁለተኛውን ቅዳሜ እንጀምር አለች። ስታንኮ አንኮራፋ፣ የእውነቱን።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

አንድ ሕግ አለን፤ ያወጣችው ቨርኔል ናት። ቀድሞ ማንበብ ክልክል ነው። ማንም ቤቱ ወስዶ አንድ ገጽ አይገልጥም።

ዛሬ ያቺ የቆየች የቀልድ አመሌ ተነሳችብኝ። "አላስቻለኝም" አልኳት። "አሥራ ሁለተኛውን ጨረስኩት።"

"አላደረግከውም።"

"ኒብስ ይሞታል። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ።"

እንደ ልማዷ ኮፍያዋን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልወረወረችም። ጣሪያውን አየች። "እንግዲያው አትጀምርልኝ" አለች።

ውሸቴን ነው ልላት አፌን ስከፍት ዮላንዳ መርፌዬን ልታወጣ መጣች። ቨርኔል ስትወጣ እጄን ጨበጠችኝ። በአራት ዓመት ጨብጣኝ አታውቅም።

ማክሰኞ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ወንበሯ ባዶ።

ዮላንዳን ጠየቅኳት። "የሌላ ታካሚ ነገር መናገር አልችልም፣ አቶ ኤሚል።" ዓይኗን ከማሽኔ አላነሳችም።

ስታንኮ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ገደልካት እንዴ?" አለኝ። ቀልዱን ነው። ቀልዱን መሆኑን አውቃለሁ።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አይነሳም። ይሄ እጥበት እኮ አንድ ቀን ከቀሩበት ሰውነት ውኃ ይሞላል፣ ልብ ይጨነቃል። ሁለት ቀን ከቀሩ... ለአንድ ሳንቲም በል ጭራቅ ብላ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ብሪጅትን አስነዳኋት፣ ወደ ቨርኔል ቤት። ዳገቱ ላይ ነው።

በሯ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ወንበር ቆሟል። ቨርኔል መኪናዋን ከሸጠች ሦስት ዓመቷ። ማን ሊያቆምበት? መስታወቱን ዝቅ አድርጌ አየሁ። መደገፊያው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ለነርሷ።"

ብሪጅት ሞተሩን ሳታጠፋ ቆየች። "አባባ..." አለች። ነርስ ቤት ድረስ የምትመላለሰው ለምን እንደሆነ ገብቷታል። እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ግን በእግር እስክንደርስ ድረስ ያልገባኝ ልምሰል አልኩ። ሁለት መንገድ ርቀን አቆምን።

ልጇ ሎሬታ ከፈተችልኝ። ቨርኔል ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ሙዝ ትበላለች። ሙዝ። ለእኛ ለማሽኑ ሰዎች ሙዝ መርዝ ነው፤ ስድስት ዓመት አልቀመሰችም።

ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆምኩ። "ኒብስ አይሞትም። ዋሽቼሽ ነው። መጽሐፉን አልገለጥኩትም።"

"ካልገለጥከው አለመሞቱን በምን አወቅክ?"

ተቀመጥኩ።

"አንተ ቀጣፊ" አለች እያኘከች። "ስትዋሽ ግራ ቅንድብህ ይነሳል። ያኔውኑ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ቀረሽ?"

"ለጭራቅ ብዬ የምሞት መሰለህ እንዴ?"

እጥበቱን ለማቆም በጃንዋሪ ነው የወሰነችው። ከሐኪሟ ጋር፣ ከሎሬታ ጋር። ልቧም እግሯም ደክመዋል። ከማሽኑ የተረፈው ቀን ለመተኛት ብቻ ሆነ አለች። ቅዳሜ የመጨረሻዋ ነበር፤ ልትነግረን ቃል ስትፈልግ እኔ ቀደምኳት። "ይሞታል ስትለኝ፣ የእኔን ማን ነገረው ብዬ ነበር።"

ስንት ቀን? ሳምንት። ምናልባት ሁለት።

የቀረችው በእኔ ቀልድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀልድ ይታረማል።

ከዚያ የባሰ ነገር አደረግኩ። "አሥራ ሁለተኛውን የማነበው እዚያ፣ ወንበራችን ላይ ብቻ ነው" አልኳት። "መስማት ካማረሽ ነገ ነይ።"

ማኘኳን አቆመች። አልተቆጣችም። "ሠላሳ ዓመት ልጆች አመላልሻለሁ። ወንበሩን አንቆ አልወርድም ያለ ስንት አይቻለሁ መሰለህ። አትጎትተውም። ትጠብቀዋለህ። ሂድ፣ ሲበርድልህ ተመለስ።"

ሄድኩ። በሰባ ስምንት ዓመቴ አኩርፌ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ለስታንኮ ነገርኩት። ዓይኑን ገለጠ፤ ቡናማ መሆኑን ዛሬ አየሁ።

"እና አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ኩላሊቴን አሳጥባለሁ።"

"ነገስ?"

"ነገ... እንጃ።"

"እኔ መጠበቅ እችላለሁ፤ የትም አልሄድም። ሕጉን አንስቼላችኋለሁ። ቀድማችሁ አንብቡ።" መልሶ ጨፈነ። "ምን እንደሆነ ግን እንዳትነግረኝ። ከነገርከኝ እኔም እቀራለሁ።"

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

"በረደልህ?" አለች ቨርኔል፣ ሶፋዋ ላይ ሆና።

"በረደልኝ።"

ዘጠና ገጽ። ሁለቱም እጄ ነፃ ነው፤ መቆንጠጫ አያስፈልግ። ቨርኔል እንዳሻት ሳቀች፤ የጮኸ ማሽን የለም። ዝምታው ደስ አላለኝም። ይሰለቸኝ የነበረው ጩኸት...

ሎሬታ ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። "እማ፣ የምትሰሚው ይሄን ነው? የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የያዘ መንፈስ?"

"ቅጣት ተጽፎበታል" አለች እናቷ፣ ኮስተር ብላ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ትናንትና ዛሬ ከጧት እስከ ማታ። ድምፄ ጠፋ፤ ሎሬታ በማር ትመልሰዋለች።

ምዕራፍ ዘጠኝን አለፍን። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ሕጉ ለሌሎቹ አልተነሳም፤ ደብተር ደግሞ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ያን ምዕራፍ ስጨርስ ቨርኔል እጄን ያዘች፣ ይኼው።

አሥራ ሁለተኛው አለቀ። "ቀጥል" አለች።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

እግሯ አብጧል። ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ካቆምኩበት ታስቀጥለኛለች።

ዛሬ አንድ ኃጢአት ሠራሁ። አሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ዓይኔ ቀድሞ ወደ ታች ሲወርድ፣ የሎይድ ወዳጅ የሆነችው የድልድይ ጠባቂ አሮጊት ሞታ አገኘኋት። አልጋ ላይ። ላነበው አልቻልኩም። ከራሴ ፈጠርኩ። ሎይድ ሰማ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፣ ደረሰላት፣ መድኃኒቱን...

ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "በዚያ ጉልበት?" አለች።

ገጹን መልሼ አየሁት።

"ኤሚል። የተጻፈውን አንብብ።"

አነበብኩ። ደረጃውን በመደገፊያው እየተጎተተ ወጣ። ዘገየ። አሮጊቷ ሄዳለች። ኒብስ ከአፉ ሳንቲም አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ፤ ሰጥቶ የማያውቅ ፍጡር። ሎይድ አጠገቧ ቁጭ አለና የደረጃውን ብዛት እያነሳ ወቀሳት፣ በሕይወት ሳለች እንደሚቀልድባት።

ቨርኔል ሳቀች። እንባም ነበር፣ ግን ሳቀች። "አየህ" አለችኝ። "ለዚህ ነው።"

ከዚያ ጠየቅኳት። "ብሪጅት አሥራ ሰባቱንም አንብባለች። ሁሉም እንዴት እንደሚሆኑ ልጠይቅልሽ?"

ለመመለስ ትንፋሽ ሰበሰበች። "ስጀምረው እኮ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደራሲው ደግሞ አያቆምም። እንደማልጨርሰው አውቄ ነው የገባሁበት። የሚያልቅ መጽሐፍ ሞልቷል። እኔ ስሄድም አንድ ሰው በዚህ ከተማ እያነከሰ ይዞራል፣ ጭራቆቹን ይቀጣል... ደስ ይለኛል። ባለበት ተወው።"

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ከእጥበት ቀጥታ ወደ እሷ። ዝዬ ነበር፤ ብሪጅት ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሎይድ መኪናው አልነሳ ብሎት ከንፋሱ ጋር ይከራከራል። ግማሹን ሳነብ ትንፋሿ ረዘመ። አንብቤ ልጨርሰው? ተውኩት። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ነርሷ እስክትመጣ ተቀመጥኩ።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

ሎሬታ ደወለች። ጎህ ሲቀድ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ትናንት ቀበርናት። አውቶቡሷ ውስጥ ያደጉ ልጆች መጥተው ነበር፣ አሁን ጢም ያላቸው። አንዱ ራሰ በራ፣ "ሁሌ ፊት ወንበር ታስቀምጠኝ ነበር፣ ስለምረብሽ" አለኝ። እኔንም ማለት አማረኝ።

ዛሬ እጥበት ላይ አላነበብኩም። ስታንኮ አልጠየቀም። ማሽኖቹ አራት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ሠሩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። አሥራ ሁለተኛውን፣ ከገጽ አንድ፣ ለስታንኮ። በቨርኔል ወንበር አንድ አዲስ ሰው አለ፤ ጡረታ የወጣ አናጺ። ፈርቷል። መርፌውን ላለማየት ወደ እኔ ዞረ፣ አዳመጠ። ዮላንዳ ሳትጠየቅ ወንበሬን ወደ መሃል አስጠጋችው።

መንፈሱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲያዝ ስታንኮ በአፍንጫው ሳቀ። ማሽኑ ጮኸ። አናጺው ደነገጠ፤ ቀጥሎ የእሱም ጮኸ።

ሲረጋጋ ስታንኮ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። "ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ይሞታል ብለህ ነበር። ይሞታል?"

ድሮ ሳላነብ ይሄን ሁሉ አወራ ነበር። አሁን አንብቤዋለሁ። ፊቴን በደንብ አየው፣ ምንም አላገኘበትም። ገጹን ገለጥኩ።

በልማዳችን ፍጥነት ከሄድን፣ ቨርኔል ጋ ያቆምኩባት ገጽ ላይ ለመድረስ አምስት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቅም። ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ እንኳ አላውቅም።

በአንድ ቀን አርባ ገጽ እናነብ ነበር። ዛሬ አሥራ ስምንት።

"ዓይንህ ደከመ እንዴ?" አለኝ ስታንኮ።

አዎ አልኩት። ዓይኔ ደህና ነው።