ከዘራ የያዘ ይወድቃል?

ዘሃራዬ፣ በስልክ ብነግርሽ ስለምትከራከሪኝ በካርድ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ዛሬ ኦሎምፒያ መሻገሪያው ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ከነከዘራቸው አጠገቤ ቆሙ። ወዲያው ያ በሬዲዮ የሰማነው ጥናት ትዝ አለኝ፤ ከዘራ የሚይዙ አዛውንቶች ካልያዙት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ ያለው። አንቺ እሱን ሰምተሽ አይደል የአባባን ከዘራ ቁም ሳጥን ጀርባ የደበቅሽው?

አላስችል አለኝና «አባቶቼ፣ ይቅርታ፣ ወድቃችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። አንደኛው ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሳቁ፤ «እኔ ለሞገስ ነው የያዝኩት፣ መሬትም አይነካ።» ጋሽ ሃይላይ የሚሏቸው ጓደኛቸው ግን «እኔ ሦስቴ ወድቄአለሁ» አሉ። በቃ ጥናቱ እውነት ነው ብዬ ሳልጨርስ፣ «ከዘራውን የገዛሁት ግን ከሦስተኛው በኋላ ነው» አሉኝ።

ለካ ጉልበቱ የከዳው ሰው ነው ከዘራ የሚገዛው! እኛ የትኛው እንደቀደመ መች ጠየቅን? እዚህስ መንገዱ ሜዳ ነው፤ የደሴን ዳገት፣ ከቤታችሁ እስከ መስጊድ ያለውን፣ እስቲ አስቢው።

ቦታ አለቀብኝ። አሚርን ሳሚልኝ። ካርዱ በደረሰሽ ቀን፣ ከመግሪብ በፊት፣ የአባባን ከዘራ አውጥተሽ ስጪያቸው።

ካሚላ