በሩ አጠገብ የነበረው ሚስማር

ጳጉሜ 1

ስፌት የማስተምራት ሂክማ ዛሬም አልመጣችም። ስልኳን አታነሳም። የአባቷ ሱቅ ከኔ ልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን ተሻግሬ እንዳልጠይቅ ግን ኩራቴ ያዘኝ። እኔ ጽጌ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን መርፌ የያዝኩ ሴት፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ተኳርፌ ቁጭ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትናንት ወዲያ የሰፋችው የተማሪ ሸሚዝ እጅጌው ተምታቶ ነበር። የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ገብቷል። ምንም አልተናገርኩም። ሸሚዙን ወስጄ በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እያለን ወጉ እንደዚያ ነበር። የተበላሸ ስፌት ይሰቀላል፤ ማንም ቃል አይተነፍስም፤ የሰፋችው ራሷ አይታ አይታ ስህተቱን ታገኛለች፤ አውርዳ ትፈታዋለች። እኔን አለቃዬ እትዬ በላይነሽ ስፌት ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ።

ሂክማ ሸሚዙን አየችው። እኔን አየችኝ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የቀረኝ ሥራ፦ የትንንሾቹ ቀሚስ፣ ኮሌታ ያልገባላቸው ሸሚዞች፣ ቁልፍ መትከል፣ ካውያ። ትምህርት ሊከፈት ነው። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሂክማ የምትሰፋባት ሁለተኛዋ የስፌት መኪና እንደተሸፈነች ናት፤ ወደዚያ ማየት አልወድም።

ጳጉሜ 2

ጠዋት የሂክማ አባት ጋሽ ነስሩ መጡ። ተቀመጡ ብል አልተቀመጡም።

«ልጄ ምን አጠፋች?» አሉኝ።

«ምንም። እጅጌ ነው ያምታታችው» አልኩ።

«ታዲያ ለእጅጌ ብለሽ በር ላይ ትሰቅያታለሽ? ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሁሉ ያቺ የልጅህ ሥራ ናት ወይ እያለ ይስቃል።»

ደነገጥኩ። ሸሚዙ ነው እንጂ እሷ አልተሰቀለችም ልል ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። አጎቷ መርካቶ ሱቁ ላይ ሰው ይፈልጋል። ከአዲስ ዓመት በኋላ እዚያ ትገባለች። ልጅቷም እሺ ብላለች።

እሳቸው ሲሄዱ ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ወደ ቤቴ አየሁ። ሸሚዙ እስካሁን ተሰቅሏል። ከባንኮኒያቸው ቁጭ ብሎ ላየው ሌላ ነገር አይታይም። ሮጬ አወረድኩት።

አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣላት ቤት ተቀምጣ፣ ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ አቅቷት ያለቀሰችው ትዝ ይለኛል። አሁን ኮሌታ ስትገጥም ከኔ እጅ ትበልጣለች። በቀደም «ጽግዬ፣ የራሴን ቤት ስከፍት እቀጥርሻለሁ» ብላ አሳቀችኝ። ለካ ይህን ያህል ለምጃታለሁ። ቤቱ ጭር አለብኝ።

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

ሌሊቱን የጀመረ ዝናብ አላባራም። ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉ ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ዝናቡ ውስጥ ይዘላሉ። እኔም በልጅነቴ አቃቂ ሐዲዱ ዳር እንዲሁ እል ነበር። ማደጉንስ አደግኩ።

እኩለ ቀን ላይ ዘጋሁና በሚኒባስ አቃቂ ወረድኩ። ከዚያ ባጃጅ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። እትዬ በላይነሽ በረንዳቸው ላይ ሳፋ ደርድረው የሩፋኤልን ዝናብ ያጠራቅማሉ። ጉልበታቸው እምቢ ብሏል እንጂ ምላሳቸው ያው ነው። «ጽጌ! ዛሬ ከየት ተገኘሽ? ከሳሽ!» አሉኝ።

ስለ ድሮው አወራን። በፀጉራችን ላይ ስለሚቀረው የጥጥ ብናኝ፣ ሽፍት ሲያልቅ ስለሚጮኸው ጡሩምባ፣ ሰርቪስ ውስጥ ስለምንዘፍነው። ያን ጊዜ ሽበት የሚባል ነገር የሚደርስብን አይመስለንም ነበር። ከዚያ የሂክማን ነገር አነሳሁ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «በር ላይ? ለመንገደኛ?»

«እርስዎም ይሰቅሉ ነበር እኮ።»

«እኔ የምሰቅለው ያንቺ መኪና ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ነበር። ካንቺና ከኔ በቀር ማን ያየዋል? ደግሞስ እስክታገኚው ድረስ ትቼሽ የት ሄድኩ?»

እውነታቸውን ነው። አንድ ማታ አዳራሹ ባዶ ሆኖ፣ ውጭ ሰርቪሱ ክላክስ እያደረገ፣ እሳቸው ባዶ የክር ሳጥን ገልብጠው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አይናገሩም፣ አይቸኩሉም። የቤታቸው ሥራ እየጠበቃቸው። ኪሱ መጣመሙን እስካገኝ ሰርቪሱ ጥሎን ሄደ። ሐዲድ ሐዲዱን በእግራችን ተመለስን፤ ከመቀነታቸው ቆሎ እየፈቱ ሲያካፍሉኝ ዓለም የኔ መሰለችኝ። እኔ ሚስማሩን አስታውሼ ሳጥኑን ረስቼዋለሁ። እንዴት ይረሳል?

«ሂጂና አምጫት» አሉኝ ስወጣ። «ሥራው አስጠልቶሽ የቀረሽ ጊዜ እናትሽ ቤት ድረስ የመጣሁት ማን አስገድዶኝ ነው?»

ለልጆቹ ብለው በጠርሙስ ዝናብ ሰጡኝ። ልጅ እንደሌለኝ ዘንግተውታል። ተቀበልኳቸው።

ጳጉሜ 4

ጠዋት የበሩን ሚስማር በፒንሳ ነቀልኩ። ውስጥ፣ ከመኪናዎቹ በላይ ከመንገድ የማይታይ ቦታ ላይ መታሁት። አውራ ጣቴንም አብሬ መታሁት።

ከዚያ ተሻገርኩ። ሂክማ ስኳር ትመዝናለች። አንዲት ደንበኛ ቆማለች። ጋሽ ነስሩ ወዲያው ፓስታ መደርደር ጀመሩ፤ ፓስታው ግን ድሮም ተደርድሯል።

«ሚስማሩን ነቀልኩት» አልኩ።

«ሰፈሩ ሁሉ ሙድ ያዘብኝ እኮ! ተሳስተሻል ብትይኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«አጠፋሁ» አልኳት። ስለ እትዬ በላይነሽ፣ ስለ ሳጥኑ፣ ሐዲድ ሐዲዱን ስለ ሄድነው ነገርኳት። የስኳሩን ላስቲክ እንደያዘች ሰማችኝ። ደንበኛዋም ሰማች፤ ስኳሯን የረሳችው ይመስለኛል።

ሂክማ «አያለሁ» ብቻ አለች። አባቷ ዞር ሳይሉ «ለአጎቷ ቃል ገብቻለሁ» አሉ።

ተመልሼ እስከ ማታ ሰፋሁ። እጄ ይሠራል፣ ልቤ ማዶ ነው። ቢያንስ ነግሬያታለሁ። በቂ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ጳጉሜ 5

የዓመቱ መጨረሻ። አስፋልቱ በጎችና ዶሮዎች፣ ቄጠማ በተሸከሙ ሴቶች ተጨናንቋል። የጨረስኳቸውን ዩኒፎርሞች ላስረክብ ቃሊቲ ሄጄ፣ መንገድ ተዘጋግቶ አመሸሁ።

ስመለስ ቤቱ ክፍት ነው። ሌባ ብዬ ልጮህ ነበር። ሂክማ ናት። ቁልፉን ሰጥቻት እንደነበር ረስቻለሁ። የሁለተኛዋን መኪና ሽፋን አንስታለች። አጠገቧ ቁልል ጨርቅ ቆርጣ አዘጋጅታለች፤ ከበዓሉ በኋላ የሚሰፋው ነው። ስለ መርካቶ ለመጠየቅ ፈራሁ።

አዲሱ ሚስማር ላይ አንድ ሸሚዝ ተሰቅሏል። የኔ ነው፤ ትናንት ማታ የሰፋሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። ዱካውን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ማዶ አባቷ ሱቁን እየዘጉ «ሂክማ!» ብለው ተጣሩ።

«ትንሽ ቆይ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» አለቻቸው።

ኪሱ ነው። በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ ሰፍቼዋለሁ። ገና ከበር ስገባ አይቼዋለሁ። ግን ኮሌታውን ገለበጥኩ፣ እጅጌውን ለካሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ።